ጠመንጃው በእኔ ስም ነው

በቤተሰባችን ልማድ ሁሉም ነገር የእኔ ነው። ዳቬይተን ያለው ሱቅ የኪራይ ውሉ በእኔ ስም ነው። ዕቃ የምታመላልሰው ነጭ ባኪ መኪና በእኔ ስም ናት። የእህቴ ስልክ፣ የባሏ ስልክ፣ ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ሳይቀሩ በእኔ ስም ናቸው። አንድ ቀን ድንገት ብሞትና ንብረቴ ቢቆጠር ባለጸጋ ሆኜ ነው የምቀበረው። በእጄ የነበረኝ ግን ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋና ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆለለ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ጆሐንስበርግ ያለን ሐበሾች በሁለት እንከፈላለን፤ ወረቀት ያለውና ወረቀት የሌለው። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ሀብት የሚባሉት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ዝርዝሮች ናቸው። የእህቴ ባል የያዘው የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ እሱም በየጊዜው ሰልፍ ተይዞ የሚታደስ፣ በታደሰ ማግስት ማለቂያው የሚታወስ ወረቀት። እኔ ቀድሜ መጥቼ፣ አገሩም ገና የዋህ ሳለ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ወረቀት ያለው ይፈርማል፤ ወረቀት የሌለው ይሠራበታል። በዚህ ልማድ ስንቱ ቤተሰብ እንደሚኖር መንግሥትም አያውቅም፤ ቢያውቅም ባላወቀ ያልፋል።

ልማዱ ለባኪዋ ሠርቷል። ለማቀዝቀዣውም ሠርቷል። የከሸፈው ለጠመንጃው ነው።

ወረርሽኙ መጥቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጥ በተባለ ጊዜ የእህቴና የባሏ ኑሮ ብዙም አልተለወጠም። እነሱ ድሮም ተዘግተው ነበር። ጎጎ፣ በአገሬው ቋንቋ አያት፣ ብለን በምንጠራቸው አሮጊት ግቢ ውስጥ የመኪና ማደሪያ የነበረችውን ክፍል ተከራይተው ስፓዛ ከፍተዋል፤ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ፊቱ በወፍራም የብረት መረብ የታጠረ ነው፤ ከመረቡ መሐል አንድ ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ደንበኛው ውጭ ቆሞ እጁን ይሰድዳል፤ ዳቦ፣ የስልክ ኤርታይም ካርድ፣ አንድ ፍሬ ሽንኩርት ይወጣለታል። ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ዓለም የዳቦ ቅርጽ አላት። ከመደርደሪያው ኋላ ባልና ሚስት የሚያድሩባት ክፍል አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ዕቃ የሚከማችባት ጓዳ። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ በጎን ወደ ግቢው ይወጣል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፣ ከጎጎ ጋር የጋራ። ይህቺን ሽንት ቤት አንባቢ ይያዝልኝ።

ሌቦች በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ መጡ። በመጀመሪያው ሽጉጣቸውን በዳቦዋ ቀዳዳ አስገብተው ሲጋራ አምጣ አሉ። ሲጋራ መሸጥ የታገደበት ሰሞን ስለነበር የእህቴ ባል «ክልክል ነው እኮ» ብሎ መለሰላቸው። እህቴ ይህን መልሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። በሁለተኛው የዳቦ መኪና ቆሞ በሩ በተከፈተበት ደቂቃ ገቡና ሽጉጡን እህቴ አንገት ላይ ደገኑት። ስልኮቹንና የቀኑን ሽያጭ ወስደው ሄዱ። አንደኛው ሲወጣ ማስኩን አስተካክሎ ነበር አሉ። ሕግ አክባሪ ነው።

በማግስቱ ከጀፕስታውን ተጠራሁ። ጓዳው ውስጥ በበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጠን ተሰበሰብን። እህቴ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ በአንተ ፊት ልናገር። ሦስተኛ ጊዜ ከመጡ እኔን እዚህ አታገኙኝም። አገሬ ሆሳዕና እገባለሁ።»

«በረራ የለም እኮ» አለ ባሏ። «ሰማዩ ሁሉ ተዘግቷል።»

«በበረራ ነው እንዴ የመጣሁት? በመጣሁበት እመለሳለሁ።»

ይህን የምትለው ከሞያሌ እስከ ሊምፖፖ ስድስት ድንበር በእግርና በጭነት መኪና ያቋረጠች ሴት ናት። ለዛቻ አልነበረም። ባሏም ይህ አልጠፋውም። ሱቁን ጥለው ጀፕስታውን እኔ ጋ እንዳይገቡ ሱቅ ባዶውን ባደረ ማግስት መረቡ ሳይቀር እንደሚነቀል ያውቃል፤ አሥር ዓመት የለፋበት ሱቅ ነው። ስለዚህ እሷ ከቆየች እዚሁ ነው፣ እሱም ካልሄደ እዚሁ ነው፤ የቀረው ሦስተኛው ጊዜ እንዳይመጣ ማድረግ ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ባሏ በመጨረሻ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አንተ ወረቀት አለህ። አንድ ሾትገን በስምህ እናውጣ።»

«እኔ በሕይወቴ የያዝኩት ከባድ መሣሪያ እስክሪብቶ ነው።»

«አንተ ምን ትይዛለህ? አንተ ትፈርማለህ፣ እኔ እይዛለሁ። እንደ ባኪዋ።»

ባኪዋንም ያለ መንጃ ፈቃድ ነበር የሚነዳት።

እውነቱን ልናገርና፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች በስልክ ጸልየው «መሣሪያ አያስፈልግም፣ መላእክት ይጠብቋችኋል» ባይሉ ኖሮ እኔም እምቢ እል ነበር። መላእክቱ በሁለቱ ጊዜ የት እንደነበሩ ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ ለጠመንጃው ወገንኩ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል አንገቴን የሚያሳክከኝ በሽታ አለብኝ። በዚህ በሽታ ትዳርም ሥራም አጥቻለሁ። ጠመንጃ ያገኘሁትም በእሱ ነው።

ቤኖኒ ከተማ አንድ የጠመንጃ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ አዛውንት ነጭ ናቸው፣ ማስካቸውን ከአፍንጫቸው በታች የሚያደርጉ፣ እጃቸው ላይ ግን ሳኒታይዘር ሳያፈሱ ማንንም መሣሪያ የማያስነኩ። ከእህቴ ባል ጋር ገባን። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠመንጃ ነው። እኔ መጽሐፍ ሱቅ ስገባ የሚይዘኝን መደንዘዝ የእህቴን ባል እዚያ ያዘው። አንዱን ረጅም አፈሙዝ ከነሰደፉ በዓይኑ ለክቶ «ይሄ!» አለ።

«ዳክዬ ልታድን ነው?» አሉት አዛውንቱ።

«ሌባ።»

«ሌባ አይበርም። ይህ ረጅሙ በሜዳ ለሚያድን ሰው ነው። የቤታችሁ መተላለፊያ ስንት እርምጃ ነው?»

መተላለፊያ የለንም። በመደርደሪያውና በአልጋው መሐል አንድ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። አዛውንቱ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝና ቤቱን ንደፈው አሉኝ። ነደፍኩት፤ መረቡን፣ ቀዳዳዋን፣ መደርደሪያውን፣ አልጋውን፣ ጓዳውን፣ አንዷን በር። ወረቀቱን አዙረው አዙረው አዩት።

«ከዚህ ግድግዳ በስተኋላ ምን አለ?»

«የአከራያችን መኝታ ቤት።»

«ግድግዳው ድንጋይ ነው?»

«አንድ ረድፍ ጡብ።»

«አልጋቸው በየት በኩል ነው?»

አሰብኩ። ጎጎ ማታ ማታ ሲያስሉ ይሰማናል። «ግድግዳውን ተደግፎ ነው» አልኩ።

አዛውንቱ እርሳሱን አስቀመጡ። «እንግዲህ ስማኝ። ሰው እዚህ መጥቶ ሌባውን በምን ልምታው ብሎ ይጠይቀኛል። ከሌባው በስተኋላ ማን ተኝቷል ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ጥይት ሌባው ጋ ደርሶ አይቆምም።»

ከዚያ ሁለት ሣጥን ጥይት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። በአንደኛው እያንዳንዱ ጥይት ዘጠኝ ትልልቅ የእርሳስ ፍሬ ይዟል፤ የባቄላ ያህል። በሌላኛው ፍሬው እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ ነው፣ ለወፍ የሚተኮሰው። ባቄላው ሌባውንም ጡቡንም አልፎ ጎጎን ያገኛል። ሰናፍጩ በቅርበት ካልሆነ ያቆስላል እንጂ አይጥልም፣ ጡቡ ላይም ጉልበቱ ያልቃል። ያም ሆኖ ወደዚያ ግድግዳ በጭራሽ አትተኩስ አሉኝ፤ ወደ በሩ ብቻ።

«ትልቁ ይሻላል» አለ የእህቴ ባል በአማርኛ። «በዚህች ጎመን ዘር ማንን እናባርራለን? ይስቁብናል።»

«ጎጎን እንግደላቸው?»

«ለጎጎ አልጋቸውን እናዞርላቸዋለን።»

ወደዚህ ዓይነት ሐሳብ የሚያደርስ ፍርሃት ምን ያህል እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ጎጎን እንደ እናቱ ነው የሚወዳቸው። ደቃቁን መረጥኩ። ጠመንጃውም አፈሙዙ አጠር ያለ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመግፋት ጥይት የሚያጎርሱት ሆነ። ሁለት አፈሙዝ ያለው ይቀላል፣ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ያ ሻካራ የማጉረሻ ድምፅ ብቻውን ሌባ ይመልሳል የሚለውን ወሬ ሰምቼ ስለነበር በዚህ ወገን ቆምኩ። አዛውንቱ ሳቁ። «በድምፁ የሚሄድ ሌባ ሳልም ይሄዳል። ለድምፅ ብለህ አትግዛ፤ ለእጅህ ከተመቸህ ግዛ።» ለእጄ ተመቸኝ። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ።

ቅጹን ሲያወጡ ነው ነገሩ የተበላሸው።

«ለማን ነው?»

«በእኔ ስም ነው፣ እሱ ነው የሚጠቀምበት» አልኩ፣ ለባኪዋ እንደምለው ሁሉ።

ብዕሩ ቆመ። «ይህን አልሰማሁም። ደግሜ ልጠይቅህ። ለማን ነው?»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱን። መሣሪያው የባለፈቃዱ ነው። ሌላ ሰው ቢነካው ባለፈቃዱ አጠገቡ ቆሞ ሊሆን ይገባል። ባለፈቃዱ ከሌለ መሣሪያው በብረት ካዝና ይቆለፋል፤ ካዝናው በቦልት ግድግዳ ላይ ይታሰራል፤ ቁልፉ ከባለፈቃዱ ሌላ ማንም እጅ አይገባም። ይህ ቢጣስ ፈቃዱ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የእኔ ወረቀት ሄደ ማለት ደግሞ ሱቁም ባኪዋም ማቀዝቀዣውም ሄዱ ማለት ነው። ሁሉንም ነገር በአንድ ምስማር ላይ ሰቅለን ነበር፤ ምስማሩ እኔ ነኝ።

በመልሱ መንገድ የነዳው የእህቴ ባል ነው። መሐል መንገድ ላይ ፊቱ በራ።

«እንግዲያማ ጋሼ፣ እኛ ጋ ትገባለሃ!»

«ምን?»

«ጓዳውን እናጸዳልሃለን። ዱቄቱን ወደ አልጋ ሥር። ለመጽሐፍህ አንድ መደርደሪያ ከሳሙናው በላይ። እህትህም ደስ ይላታል።»

ለፈቃዱ ሥልጠና ገባሁ። በወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ተኩሼ ትከሻዬን አበለዝኩ። የጽሑፉን ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ፤ በሃምሳ ዓመቴ ያገኘሁት የመጨረሻ ማዕረግ ይሄ ነው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሠራተኛ በበሽታው ተያዘ ተብሎ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። የጀፕስታውኗን ክፍል ለቀቅኩ። በነጋታው ሦስት ልጆች ተጋርተው ገቡባት፤ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችልኝም። ወራት አልፈው ፈቃዱ ሲወጣ እኔ አስቀድሜ ዳቬይተን ከሳሙናው በታች ተኝቼ ነበር።

ካዝናው በመጣበት ቀን ትልቅ ስሕተት ሠራን፤ ምን ማድረግ እንደነበረብን ግን አሁንም አላውቅም። አራት ሰዎች ያን አረንጓዴ ብረት ከባኪዋ አውርደው እያቃሰቱ በጎን በር ሲያስገቡት መንገዱ ሁሉ ቆሞ አየ። በማግስቱ ደንበኞች በቀዳዳዋ እያሾለቁ «ማይ ፍሬንድ፣ ሀብታም ሆናችኋል!» ይሉን ጀመር። ሎኬሽን በሚሉት በዚህ ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። ገንዘብ አይደለም ብንል ታዲያ ምንድን ነው ይሉናል። ጠመንጃ ነው ማለት ደግሞ ከገንዘብም የባሰ ሌባ መጥራት ነው። ስለዚህ ፈገግ እያልን ሀብታም ሆንን።

ቦልቱ የሚይዝለት ብቸኛ ግድግዳ የጎጎ ግድግዳ ነበር። ስንበሳ ጎጎ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ብዙ መጽሐፍ ስላዩብኝ «ቲሻ» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው።

«ቲሻ፣ ራስጌዬ ላይ ምን እየቀበርክ ነው?»

ለእሳቸው አልዋሸሁም።

«እኔን ነው የምትመታው ወይስ ሌባውን?»

«ሌባውን፣ ጎጎ። ደቃቁን ጥይት የመረጥኩት ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ጥይት የመረጠልኝ ወንድ እስከ ዛሬ አልነበረም» አሉና ሄዱ። ሲሄዱ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ፊሽካ ደረታቸው ላይ ይወዛወዝ ነበር። የመንገዱ እናቶች ሁሉ አንድ አንድ አላቸው። እኔ ያን ጊዜ የመዝሙር ቡድን ምልክት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮዬን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ዘበኛ ሆንኩ። ጠዋት ከካዝናው አወጣዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ቃታውን ቆልፌ ከጉልበቴ አጠገብ አኖረዋለሁ። አንድ እግሬ ከበሩ የሚወጣው ጥይቱን አራግፌ፣ ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ሕጉ ከቤት አትውጣ አላለኝም፤ ቆልፈህ ሂድ ነው ያለኝ። ግን እኔ ስወጣ ጠመንጃው የተቆለፈ ብረት ነው፣ እህቴም ይህን ታውቃለች። ባርኔጣዬን ሳነሳ «ጋሼ፣ ትቆያለህ?» ትላለች፤ ጥያቄ አይመስልም። መጽሐፍ ፍለጋ ወደ መሐል ከተማ መሄድ ቀረ። ለቅሶ መድረስ ቀረ። አገሩ ከእንቅስቃሴ እገዳው ደረጃ አምስት ወደ አራት፣ ወደ ሦስት፣ ወደ አንድ ወረደ፤ ሰው ወጣ፣ ማስኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ብቻዬን አምስት ላይ ቀረሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች በተዘረፉበት ሳምንት ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ አምስት ቀን ተቀመጥኩ። ሶዌቶ ያሉት ወገኖቻችን በስልክ ያለቅሱ ነበር። እኛ ጋ ማንም አልመጣም። እህቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛች፤ ባሏም «አየህ ጋሼ፣ ሠርቷል» አለኝ። ያልመጣን ሌባ ያስቀረው ጠመንጃ ነው ብሎ ማስረዳት ያልመጣን በሽታ ያስቀረው ጸሎት ነው ከማለት በምን እንደሚለይ ልነግረው ነበር። ደስ ብሎት ስለነበር ተውኩት። እኔም ትንሽ አምኜ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ የመጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ሽንት ቤት መሄድ ነበረብኝ።

ጥይቱን አራገፍኩ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አደረግኩ፣ በጎን በር ወጣሁ። እህቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ ብዙም አልቆየሁም፤ የግቢው መዝጊያ ሲንኳኳ፣ ከዚያ እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ውይ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ የወንዶች ድምፅ። ወደ ሱቁ ይዘዋት ገቡ።

ከሽንት ቤቱ በር ስንጥቅ የሱቁ ግድግዳ ይታያል፤ ሰው አይታይም። ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«የካዝናው ቁልፍ!»

«እኔ ጋ የለም፣ ወንድሜ፣ እኔ ጋ የለም» ይላል የእህቴ ባል።

«ምን አለ ውስጡ?»

ጠመንጃ ነው ቢል የሚሆነውን እሱም እኔም እናውቃለን።

«መጽሐፍ» አለ።

«መጽሐፍ?»

«የሚስቴ ወንድም መጽሐፍ። እምላለሁ። አንባቢ ነው፣ አእምሮው ትንሽ...»

«መጽሐፍ ማን ይቆልፋል?» አለ ሌላው ድምፅ፤ ቀጥሎ የምት ድምፅ መጣ፣ የእህቴም ጩኸት።

ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬዋለሁ። ብወጣ ጠመንጃውን ከነጥይቱ እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በእኔ ስም ማን እንደሚገደል አላውቅም። ባልወጣ ይደበድቡታል። ይህን ሁሉ በሥርዓት እያመዛዘንኩ እንደነበር ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን በሩን ከውስጥ ይዤ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ላይ ደርሶ ሱሪዬን እንኳ አላስታጠቀኝም።

ያኔ በሩ በዱላ ተንኳኳ።

«ቲሻ፣ ውስጥ ቤት ሠራህ እንዴ? ሌላም ሰው አለ!»

ጎጎ ናቸው፣ ተራቸውን ሊጠብቁ የመጡ። በስንጥቁ በኩል «ሱቁ ውስጥ ሌቦች አሉ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ከዚያ ፊሽካቸውን አንስተው ነፉት። በዚያ ዕድሜ ያ ትንፋሽ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ሲያስሉ የምሰማቸው ሴትዮ ናቸው። ከጎረቤት ግቢ ሌላ ፊሽካ መለሰ። ከመንገዱ ማዶ ሦስተኛ፣ ከጀርባ አራተኛ። እናቶቹ መጥረጊያና ድስት ይዘው ሲወጡ ሌቦቹ ሁለት ስልክና አንድ ካርቶን ሲጋራ ይዘው አጥሩን ዘለሉ።

ሱሪዬን ታጥቄ ወጣሁ። የእህቴ ባል ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ፊቱን ሸፍኖታል። እህቴ በፎጣ ይዛለት ቀና ብላ አየችኝ።

«የት ነበርክ?»

«ሽንት ቤት።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ አልቆመላትም፤ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፣ ከዚያ እሱም ቆመ። ፎጣውን ለባሏ አስያዘችውና ወደ ጓዳው ገብታ ሻንጣዋን አወረደች። ሦስተኛ ጊዜ ከመጡ ብላ ነበር፤ መጡ።

«ጋሼ» አለኝ ባሏ በደሙ መሐል፣ በቀስታ። «አንድ ቁልፍ ቢኖረኝ ኖሮ።»

«ቢኖርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እከፍትላቸው ነበር» አለ።

ይህን ሲል እህቴ ሻንጣውን እንደያዘች ቆመች። እሱም ያለውን የሰማው ያኔ ነው መሰለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሦስታችንም ጠመንጃው ሌባው ላይ ነው የሚተኮሰው ብለን ነበር ያሰብነው። ቅንድቡ የተሰነጠቀው ግን በካዝናው ምክንያት ነው። ሲጋራና ስልክ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ያቆያቸው የእኛው ብረት ነው።

«ያ ነገር ዛሬ ይውጣ» አለች እህቴ። «እሱ ከወጣ ሻንጣውን እመልሳለሁ። ካልወጣ ግን ጋሼም ብትሆን አትለምነኝ።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን ከነጥይቱ ይዤ ቤኖኒ ሄድኩ። የእህቴ ባል ቅንድቡ በአምስት ስፌት ተይዞ ባኪዋን ነዳ። አዛውንቱ በቃሌ ላይ ቅጹን ሞልተው አፈሙዙን በብርሃን ተመለከቱ።

«አንድም አልተተኮሰም?»

«አንድም።»

«ጥሩ ጠመንጃ ነበር ማለት ነው» አሉ። የእህቴን ባል ቅንድብ አይተው ግን ሌላ አልጠየቁም።

ካዝናውን ማውጣት አልተቻለም። ቦልቱ ከተነቀለ የጎጎ ግድግዳ አብሮ ይመጣል፤ ጎጎም «ራስጌዬን አትንኩብኝ» አሉ። ብረቱ እዚያው እስካለ ድረስ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ሀብት አለበት ብሎ ያምናል። መላውን ያመጣችው እህቴ ናት። የጓዳውን መጋረጃ አነሳችው፣ የካዝናውንም በር እስከ ጥጉ ከፈተችው፤ በዳቦዋ ቀዳዳ ያጎነበሰ ሁሉ ውስጡን እንዲያይ። ባዶ ከሆነ ደግሞ ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ደብቀውታል ይላል ብላ መጽሐፎቼን ደረደረችበት። ባሏ በሌቦቹ ፊት የማለውን መሐላ በዚህ እውነት አደረገችለት። ሻንጣዋ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ካርቶኖቹ ላይ እንጂ ከሥር አይደለም፣ ለማውረድ በሚመች ቦታ።

እኔ ወደ ጀፕስታውን የምመለስበት ክፍል የለኝም። ጓዳው መጋረጃ ስለሌለው ስተኛም ስነሳም ለደንበኛ እታያለሁ። ማታ በግድግዳው በኩል ጎጎ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ ካላስሉ ጡቡን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ፣ ሁለት ጊዜ ይመልሱልኛል። የካዝናው ቁልፍ ከመደርደሪያው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም የሚያነሳው የለም።

ባለፈው አንድ ደንበኛ ዳቦ እየጠበቀ ዓይኑን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ አየኝ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ያ ሁሉ ብረት ለመጽሐፍ ነው?»

«ለመጽሐፍ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትዘጋውም?»

«እንድታየው ብዬ» አልኩትና ዳቦውን ሰጠሁት።